ከእናቴ ጋር ወደ ሂማላያ፦ ሺምላ፣ ማናሊና ስፒቲ በ10 ቀን ይዳረሳሉ?

ጠያቂ (በፑንጃብ ተማሪ)

ሰላም ለሁላችሁም። በሰሜን ህንድ፣ በፑንጃብ ግዛት የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርቴን ስከታተል አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በእነዚህ ዓመታት ያየሁት እስከ አድማስ የተዘረጋውን የስንዴና የሩዝ ማሳ፣ የግንቦትን ሐሩርና የጥርን ጭጋግ ብቻ ነው። አከራዬ እንደነገሩኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ፋብሪካውም መኪናውም በቆመበት ሰሞን አየሩ ከመጥራቱ የተነሣ፣ የዳውላዳር ተራሮች በረዶ እንደለበሱ ከጃላንዳር ከተማ ጣሪያ ላይ በዓይን ይታዩ ነበር። ይህን ከሰማሁ ወዲህ፣ ተራራው ይህን ያህል ቅርብ ሆኖ ሳለ ሳላየው ወደ አገሬ መመለሱ ይቆጨኛል።

እናቴ በጥቅምት መጀመሪያ ከአዲስ አበባ መጥታ ሦስት ሳምንት ከእኔ ጋር ትቆያለች። ዕድሜዋ 64 ነው። የደም ግፊት መድኃኒት በየቀኑ ትወስዳለች፤ በሜዳ መንገድ መሄድ ባይከብዳትም ደረጃ ስትወርድ ጉልበቷን ያማታል፤ ወቅቱ የጽጌ ጾም በመሆኑም ትጾማለች። ያሰብኩት ጉዞ ከካልካ እስከ ሺምላ በትንሿ ባቡር ወጥተን ሁለት ሌሊት ማደር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ማናሊ መሻገር፣ በአታል መሿለኪያ አልፈንና የኩንዙምን በር ተሻግረን በስፒቲ ሸለቆ ወደምትገኘው ካዛ መግባት፣ በመጨረሻም በመጣንበት መንገድ መመለስ ነው። ለዚህ ሁሉ ያለን 10 ቀን ነው።

ጊዜው ይበቃል ወይ? እናቴ የአዲስ አበባ ሰው እንደመሆኗ ከፍታው ያስቸግራት ይሆን? የውጭ ዜጋ በመሆናችን የሚጠየቅ ወረቀትስ አለ? መንገዱን የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።

የቀድሞ የቻንዲጋር ነዋሪ

የተከበሩ ጠያቂ፣ እናትዎን ይዘው ለመውጣት ማሰብዎ ደስ ያሰኛል፤ የነደፉት መንገድ ግን ከሥሩ መለወጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። በቻንዲጋር ስድስት ዓመት ስኖር ይህን አካባቢ ሦስት ጊዜ ዞሬዋለሁና የማውቀውን ልንገርዎት።

በቅድሚያ ከፍታዎቹን ከእኛ አገር ጋር ያስተያዩዋቸው። ሺምላ 2,200 ሜትር፣ ማናሊ 2,050 ሜትር አካባቢ ናቸው፤ ሁለቱም ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላሉ። እንግሊዞች እንደ ሺምላ ያሉትን የደጋ ከተሞች ያቀኑት ከቆላው ሙቀት ለመሸሽ ነበር፤ ዛሬም የዴልሂና የፑንጃብ ሰው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ የሚወጣው ብርድና ጉም ፍለጋ ነው። ለእናትዎ ግን ቀዝቃዛ አየር ብርቅ አይደለም፤ ከዚያው ተነሥተው ነው የሚመጡት። ስለዚህ ሺምላንም ማናሊንም መደራረቡ ድካም እንጂ ትርፍ የለውም። ከሁለቱ አንዷ ትበቃለች፤ እኔ የምመርጠው ሺምላን ነው፣ ምክንያቴም ባቡሩ ነው።

የካልካና ሺምላ ሐዲድ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1903 ሲሆን፣ በ2008 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የሐዲዱ ስፋት 762 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ ፉርጎዎቹ የአሻንጉሊት ያህል ጠባብ ናቸው። በ96 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ 102 መሿለኪያዎችንና ከ800 በላይ ድልድዮችን ያልፋል፤ ከ650 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ሺምላ እስኪደርስ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። መጀመሪያ ቁልቋልና ቁጥቋጦ፣ ቀጥሎ ጥድ፣ በመጨረሻም ዴዎዳር የተባለው ዛፍ ይመጣል፤ ዴዎዳር በመጽሐፍ ቅዱስ የሊባኖስ ዝግባ እያልን ከምናነበው ዛፍ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ በግማሽ ቀን ውስጥ በመስኮት ሲፈራረቁ ማየት ለእናትዎ ያለ ድካም የሚገኝ ደስታ ስለሆነ፣ ትኬቱን አስቀድመው ይቁረጡ።

ሺምላ ገደል ላይ የተሰቀለች ከተማ ናት። ዋናው መንገድ፣ ሞል ሮድ የሚሉት፣ ለመኪና ዝግ ነው፤ መኪና እስከ ታችኛው መንገድ ካደረሰዎት በኋላ ወደ ላይ የሚያወጣ የሕዝብ ሊፍት ስላለ የእናትዎን ጉልበት በደረጃ አያድክሙ። ሆቴል ሲይዙ «ከመንገድ ስንት ደረጃ ይወረዳል?» ብለው መጠየቅ ከዋጋው ይቀድማል። የጃኩ ኮረብታ ጦጣዎች መነጽር ከዓይን ላይ ስለሚነጥቁ፣ እዚያ ከወጣችሁ መነጽራቸውን በቦርሳ ይያዙላቸው። እ.ኤ.አ. በ1888 የተጠናቀቀውና ዛሬ የከፍተኛ ጥናት ተቋም የሆነው የእንግሊዝ እንደራሴዎች ቤተ መንግሥት ግማሽ ቀን ይገባዋል። ከጉዳያችን ትንሽ ልውጣና፣ ሺምላ በይፋ የበጋ መዲና የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1864 ነበር፤ በዚያው እንደራሴ፣ በጆን ሎውረንስ ዘመን፣ በ1868 የናፒየር ጦር ከቦምቤይ ተነሥቶ መቅደላ ደረሰ። በዚያች ከተማ ስመላለስ ይህ ከሐሳቤ ጠፍቶ አያውቅም።

ከሺምላ በኋላ ወደ ማናሊ አይታጠፉ፤ የሱትሌጅን ወንዝ ይዘው ካልፓና ሳንግላ ወደሚገኙበት ወደ ኪናውር አውራጃ ይቀጥሉ። በመንገዱ አጋማሽ ገደማ ትንሽ ወጣ ብላ በምትገኘው ሳራሃን አንድ ሌሊት ይደሩ። እዚያ ያለው የቢማካሊ ቤተ መቅደስ የተሠራው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ ድንጋይ እየተነባበረ ነው፤ ይምርሐነ ክርስቶስን ያየ ሰው ግድግዳውን ሲያይ ቆም ማለቱ አይቀርም። የአገሩ ሰዎች እንጨቱ ምድር ስትንቀጠቀጥ ድንጋዩን አስተባብሮ እንደሚይዝ ያስረዳሉ። በማግሥቱ በ2,960 ሜትር ላይ ወደምትገኘው ካልፓ ይወጣሉ፤ ፊት ለፊታችሁ ከ6,000 ሜትር በላይ የሆነው የኪነር ካይላሽ ሰንሰለት ይቆማል። ወቅቱ የፖም ለቀማ ነው። እነዚህ ቦታዎች ሁሉ በሚገኙበት በሂማቻል ግዛት የፖም እርሻ የተስፋፋው፣ ሳሙኤል ስቶክስ የተባለ አሜሪካዊ ከመቶ ዓመት በፊት በሺምላ አቅራቢያ በኮትጋር ቀይ ፖም ከተከለ በኋላ ነው፤ አሁን ገደሉ ሁሉ ፖም ሆኗል። እናትዎ በረንዳ ላይ ተቀምጠው በረዶው በጠዋት ፀሐይ ሲቀላ ያያሉ፤ ምንም መውጣትና መውረድ የለበትም።

ከካልፓ ወርዳችሁ ወደ ሳንግላ ሸለቆ ትገባላችሁ፤ በሳንግላ እያደራችሁ የመጨረሻዋን መንደር ቺትኩልን በቀን ጉዞ አይታችሁ ትመለሳላችሁ። ሁለት ቀን ለመመለሻ ሲተርፍ፣ 10 ቀኑ እንዲህ ሆኖ ልክ ይሞላል። የስፒቲን ነገር ለሌላ ጊዜ ያቆዩት። ካልፓና ቺትኩል ለውጭ ዜጋ ልዩ ፈቃድ አይጠይቁም፤ ሆኖም ፓስፖርትዎንና የመኖሪያ ምዝገባ ወረቀትዎን በዋናው ይያዙ። እንግዳ ማረፊያዎች የውጭ ዜጋ ሲያሳድሩ «ፎርም ሲ» የተባለውን ሞልተው ለመንግሥት ማሳወቅ ስላለባቸው፣ ያልተመዘገቡ ትንንሽ ቤቶች በር ላይ ሊመልሷችሁ ይችላሉ። እኔ አንድ ምሽት ይህ ደርሶብኝ በጨለማ አልጋ ፈልጌአለሁ፤ ከእናት ጋር እንዲህ እንዳይሆንብዎት አስቀድመው ደውለው ያረጋግጡ።

የጤና ባለሙያ ከባሕር ዳር

ከላይ የተሰጠውን ምክር እደግፋለሁ፤ ስለ ከፍታው ግን ጠያቂው «የአዲስ አበባ ሰው እንደመሆኗ» ያሉት ማብራሪያ ይፈልጋል። ብዙዎቻችን ደገኛ መሆናችን ከየትኛውም ተራራ የሚጠብቀን ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች በደማቸው ያለው የሄሞግሎቢንም (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) ሆነ የኦክስጅን መጠን ከቆላ ነዋሪ የማይለይ መሆኑን አሳይቷል። እነዚያ ሰዎች ግን ከትውልድ ትውልድ በዚያው ከፍታ የኖሩ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ መኖር እስከ ሺምላና እስከ ካልፓ በእርግጥ ይጠቅማል፤ ከ3,500 ሜትር በላይ ግን ዋስትና አይሆንም። በተጨማሪም እናትዎ ከአዲስ አበባ ወርደው ፑንጃብ ሜዳ ላይ በሰነበቱ ቁጥር ሰውነታቸው የለመደውን እያጣ ስለሚሄድ፣ የሚቻል ከሆነ ጉዞው በመጡበት የመጀመሪያ ሳምንት ቢሆን ይሻላል። እርስዎ ራስዎ አራት ዓመት ቆላ የኖሩ ስለሆኑ፣ በከፍታው ከእናትዎ ይልቅ ሊታመሙ የሚችሉት እርስዎ ነዎት።

የሚታወቀው ደንብ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድሩበትን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር፣ በየሦስት ወይም አራት ቀኑም አንድ ቀን ባሉበት ማረፍ ነው። የመጀመሪያውን ዕቅድዎን በዚህ ይመዝኑት። ከማናሊ ተነሥተው በአንድ ቀን ካዛ ሲገቡ፣ 2,050 ሜትር ላይ ያደረ ሰው በማግሥቱ 3,650 ሜትር ላይ ያድራል፤ በመካከሉም 4,551 ሜትር የሆነውን ኩንዙምን ይሻገራል። ይህ ማለት የራስ ዳሸንን ጫፍ በመኪና መሻገር ነው፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከ60 በመቶ በታች ነው። ይህን ለአንዲት የ64 ዓመት የደም ግፊት ታማሚ አልመክርም።

የከፍታ ሕመም በራስ ምታት፣ በማቅለሽለሽና በእንቅልፍ ማጣት ይጀምራል፤ ይህ ሲታይ ከዚያ በላይ አለመውጣት ይገባል። ሰውየው ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ከሳለ፣ ወይም እንደ ሰከረ ሰው ከተንገዳገደና ንግግሩ ከተዛባ፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ ነው እንጂ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም። ዳያሞክስ የሚባለው መድኃኒት ለመከላከያ ይሰጣል፤ ነገር ግን ሽንት የሚያበዛ ስለሆነ እናትዎ ከሚወስዱት ጋር መስማማቱን ሐኪማቸው ሳያይ እንዳይጀመር። ስለ ጾሙም ላንሣ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይጠጡ በደረቅ ተራራማ አየር መጓዝ ይጎዳል። የጽጌ ጾም የፈቃድ ጾም ነውና፣ ከመምጣታቸው በፊት ስለ ጉዞውና ስለ መድኃኒቱ ከነፍስ አባታቸው ጋር ቢነጋገሩ መልካም ነው።

በዴልሂ የምኖር

የቻንዲጋሩ ወንድማችን ስፒቲን «ለሌላ ጊዜ ያቆዩት» ብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ማለፉ ቅር አሰኝቶኛል፤ እኔ በህንድ ከዞርኩባቸው ቦታዎች ሁሉ ልቤ የቀረው እዚያ ነውና። ካዛ ከእናት ጋር እንደማይሆን እስማማለሁ። ይሁን እንጂ በኪናውር በኩል እስከ ታቦ መድረስ የሚቻል ይመስለኛል። ታቦ 3,280 ሜትር ላይ ነው፤ ካልፓ ሁለት ሌሊት ላደረ ሰው በማደሪያ ከፍታ የሚጨመረው 320 ሜትር ብቻ ነው፣ ምንም እንኳ መንገዱ በናኮ በኩል ከ3,600 ሜትር በላይ ወጥቶ ቢወርድም።

ከካልፓ በታች ካለችው ከሬኮንግ ፔዮ ከተማ ተነሥተው ካብ የተባለው ስፍራ፣ የስፒቲ ወንዝ ከሱትሌጅ ጋር ወደሚገናኝበት ሲደርሱ ዛፍ ያልቃል። የክረምቱን ዝናብ ተራሮቹ ስለሚያስቀሩት ከዚያ ወዲያ ያለው ምድር ግራጫ፣ ቀይና ቡናማ ድንጋይ ነው፤ በመካከሉ ወንዝ ዳር የገብስና የአተር ማሳ እንደ ምንጣፍ ቁራጭ ይታያል። በታቦ እ.ኤ.አ. በ996 የተመሠረተ የቡድሂስት ገዳም አለ። ከውጭ ሲያዩት በጭቃ የተሠራ፣ መስኮት አልባ ጎተራ ይመስላል። ወደ ውስጥ ሲገቡ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ይቆያል፤ ከዚያ ግድግዳው በሙሉ የተሳለ መሆኑ ይገለጣል። ፎቶ ማንሣት ክልክል ስለሆነ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ያያል። ጫማ አውልቆ መግባቱ፣ ጭሱ፣ መነኮሳቱ በዜማ የሚያነቡት መጽሐፍ፣ ሃይማኖቱ ሌላ ቢሆንም፣ በገዳም ደጅ ላደገ ኢትዮጵያዊ እንግዳ አይሆንበትም።

ቁርስ ላይ ያስተናገዱኝ ሴት ጻምፓ ሰጡኝ። የተቆላ የገብስ ዱቄት በሻይ ታሽቶ የሚበላ ነው፤ በሶ ማለት ነው። «ይህ እኛም አገር አለ» ብዬ በምልክት ሳስረዳቸው እጄን ይዘው ሳቁ። ቅቤና ጨው ያለበትን ሻይ ግን ብዙ የከተማ ልጆች አይወዱትም፤ በቅቤና በጨው ቡና የጠጣ ያደንቀዋል።

ወደ ስፒቲ በዚህ በኩል ለመግባት ከጃንጊ እስከ ሱምዶ ላለው የድንበር ክልል የውጭ ዜጋ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ እኔ ሬኮንግ ፔዮ ላይ ፓስፖርት፣ ቪዛና ፎቶ አቅርቤ አወጣሁ። ከእናትዎ ጋር ባይሆን እንኳ ከጓደኞችዎ ጋር ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይሂዱ። በዚያ ወቅት ስፒቲ ደረቅ ቢሆንም ወደ እሷ የሚወስዱት መንገዶች ዝናብ ውስጥ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 የቢያስ ወንዝ ሞልቶ በኩሉና በማናሊ መካከል መንገዱን ብዙ ቦታ ላይ ወስዶት ነበር። ስለዚህ ሁለት ሦስት ትርፍ ቀን ሳይዙ አይውጡ።

የጤና ባለሙያ ከባሕር ዳር

የታቦው ሐሳብ በቁጥር ሲታይ ትክክል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከፍታው ብቻ አይደለም፤ ከታቦ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ያለው ርቀትና የመንገዱ ሁኔታ ነው። ካልፓ ላይ ሁለት ሌሊት ያለ ራስ ምታት ካደሩ፣ የደም ግፊታቸውም በተለካ ጊዜ ደህና ከሆነ፣ ያኔ ይወስኑ። የግፊት መለኪያውን ከቤት ይዛችሁ ውጡ።

እኅታችሁ ከሞሃሊ

ስለ ምግቡ የጠየቀ ባይኖርም፣ የሚጾም ሰው በህንድ የሚቸገረው እዚህ ላይ ስለሆነ ልጨምር። ምግብ ቤቱ ላይ «ቬጅ» ተብሎ ቢጻፍም ሥጋ የለውም ማለት ብቻ ነው፤ ወተት፣ እርጎ፣ አይብና የተነጠረ ቅቤ ይገባበታል። ምስር ወጣቸው፣ ዳል የሚሉት፣ ብዙ ጊዜ በመጨረሻ በቅቤ ይቁላላል፤ ናን የተባለው ቂጣ ሲቦካ እርጎ ይጨመርበታል። ስለዚህ «ቢና ጊ፣ ቢና ዱድ»፣ ያለ ቅቤና ያለ ወተት፣ ብላችሁ እዘዙ፤ ይህችን አባባል ከተናገራችሁ በዘይት ያበስሉላችኋል፣ አይቆጡም። ደረቅ ሮቲ፣ በሂማቻል በጣም የሚወደደው ራጅማ የተባለው ቀይ ቦሎቄ በሩዝ፣ ቱክፓ የተባለው የአትክልት ሾርባና ሞሞ የተባለው በጥቅል ጎመን የተሞላ ሊጥ ለጾም ይሆናሉ። ሻዩን ከወተት ጋር አፍልተው ስለሚያመጡት አስቀድማችሁ «ካሊ ቻይ»፣ ወተት የሌለው ሻይ፣ በሉ። እናታችን ደግሞ ዳቦ ቆሎና በሶ ይዘው ቢመጡ፣ አውቶቡሱ ተራራ ላይ በቆመ ጊዜ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ጠያቂ (በፑንጃብ ተማሪ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ መልሶቻችሁን ለእናቴ በስልክ አነበብኩላት። የባቡሩንና የፖሙን ነገር ደጋግማ አስነበበችኝ፤ ስለ ኩንዙም ስነግራት ግን «ራስ ዳሸንን እዚሁ አገሬ እያለሁ ያልወጣሁትን» ብላ ዘጋችው።

ስለዚህ ማናሊንና ካዛን ትተናል። በመጣች በአራተኛው ቀን ከካልካ እንነሣለን፤ ሺምላ ሁለት ሌሊት፣ ሳራሃን አንድ፣ ካልፓ ሦስት፣ ሳንግላ ሁለት ሌሊት እናድርና በናርካንዳ በኩል እንመለሳለን። አውቶቡሱን ትቼ ከሺምላ ጀምሮ ሹፌር ያለው መኪና ለመከራየት ወስኛለሁ፤ ወጪው ቢበዛም እናቴ ስትደክም ማቆም ይቻላል። የታቦን ፈቃድ አላወጣም፤ በሚቀጥለው ሰኔ ከሁለት የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ጋር በኪናውር በኩል ስፒቲ እገባለሁ። የነፍስ አባቷን ዛሬ ልታነጋግር ሄዳለች፤ የግፊት መለኪያውን ነገር ሐኪሟ አዲስ አበባ እያለች ያሳያታል።

አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀረኛል። በጥቅምት አጋማሽ በካልፓ ሌሊቱ ምን ያህል ይበርዳል? ወፍራም ጋቢ ይበቃል ወይስ ካፖርት ልግዛላት?

የቀድሞ የቻንዲጋር ነዋሪ

ቀን ፀሐዩ ሞቅ ያለ ነው፤ ሌሊት ግን ወደ ዜሮ ሊጠጋ ይችላል፣ ክፍሎቹም ማሞቂያ የላቸውም። ጋቢውንም ካፖርቱንም ይያዙ። ካፖርቱን ከቻንዲጋር ገበያ ከመግዛት ሺምላ ደርሳችሁ፣ ከሞል ሮድ ዝቅ ባለው ሎወር ባዛር እናትዎ ራሳቸው ለክተው ቢመርጡ ይሻላል።